የሩዝቬልት ቴምብሮች

እርሳስ አንሥቶ የቴምብር ንድፍ የሚጭር፣ ንድፉን ለፖስታ ሚኒስትሩ ልኮ የሚያሳትም የአገር መሪ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የማውቀው አንድ ነው፤ ፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልት፣ 32ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት።

ስለ ሩዝቬልት ሲወራ ጨዋታው ወይ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይሄዳል፣ ወይ ሥራ አጥነት አሜሪካን ወዳንኮታኮተበት ዘመን፣ ወይ ደግሞ ወደ ተሽከርካሪ ወንበራቸው። ቴምብር ሰብሳቢ መሆናቸው በአንድ መስመር ተነግሮ ይታለፋል። እኔን የምታጓጓኝ ግን ያቺው መስመር ናት። ሰውየው ከስምንት ዓመታቸው አንሥቶ ዕድሜ ልካቸውን ሰብስበዋል። ሥልጣን ላይ ሲወጡ ደግሞ ሰብሳቢ ሆኖ የኖረ ሰው ብቻ ልብ የሚለውን ነገር ለመንግሥት ሥራ አዋሉት። ይኸውም ምን መሰላችሁ? መንግሥት ከሚያወጣቸው ወረቀቶች ሁሉ ማንም ሳይጠራው በየቤቱ የሚገባው፣ ሕፃን አዋቂው የሚነካው፣ ፓስፖርት ሳይጠየቅ ድንበር የሚሻገረው ቴምብር ነው። (በነገራችን ላይ ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።)

ነገሩ የሚጀምረው ከእናታቸው ነው። የእናታቸው የሣራ አባት ዋረን ዴላኖ ከቻይና ጋር የሚነግዱ ባለጸጋ ነበሩ። ንግዱ ሻይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ኦፒየምም ነበረበት። በ1862 ቤተሰቡ ተጠቃሎ በመርከብ ወደ ሆንግ ኮንግ ሄደ። ሣራ ያኔ የስምንት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። ሆንግ ኮንግ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮቿን ያወጣችው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ልጅቷ ቴምብር መሰብሰብ ያዘች። ስታድግ ስብስቧን እዚያው ሆንግ ኮንግ ለተወለደው ታናሽ ወንድሟ ለፍሬድሪክ ሰጠችው፤ ፍሬድሪክም አሳድጎ አሳድጎ ለእህቱ ልጅ ለፍራንክሊን አወረሰው። የቤት ቅርስ ሆነ ማለት ነው። ሩዝቬልት እስከ መጨረሻው ድረስ የሆንግ ኮንግ ቴምብሮችን ለብቻ ለይተው በፍቅር የያዙት ያለ ምክንያት አልነበረም።

በ1882 የተወለዱት ሩዝቬልት የባሕር ኃይል ምክትል ሚኒስትር ሆነው ሰባት ዓመት ሠርተዋል፤ በ1920 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ተሸንፈዋል። በተከታዩ ዓመት በኦገስት ወር፣ በ39 ዓመታቸው፣ ፖሊዮ ያዛቸውና ሁለት እግራቸው ሽባ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ረጅም የአልጋ ወራት አልበሙ ከፊታቸው አልጠፋም። ለአንድ ወጣ ገባ ሲል ለኖረ፣ በጀልባ መጓዝና መዋኘት ለሚወድ ሰው፣ ዓለምን ከአልጋ ሳይነሡ መዞር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ለእሳቸው ቴምብሩ ጂኦግራፊም ነበር፣ ታሪክም ነበር። አንዲት ትንሽ ደሴት የት እንዳለች፣ የማን ቅኝ ግዛት እንደነበረችና መቼ እጅ እንደተለዋወጠች ከቴምብሯ ላይ ይነበባል።

ምን ዓይነት ሰብሳቢ ነበሩ የሚለውን እዚህ ላይ ብነግራችሁ ይሻላል፤ ብዙ ሰው ይሳሳታልና። ሲሞቱ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ቴምብሮች ትተዋል ይባላል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን አብዛኛው ርካሽ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ብርቅዬ ቴምብር የሚያሳድድ ባለጸጋ አልነበሩም። ይልቅስ የሰፊው ዓለም ነገር ይጥማቸው ነበር፤ ከዚያም ውስጥ የላቲን አሜሪካ አገሮች፣ በተለይም ሄይቲ። ሄይቲን በ1917 የባሕር ኃይል ባለሥልጣን ሳሉ ጎብኝተዋታል። በጊዜው አገሪቱ በአሜሪካ ወታደሮች ተይዛ ነበር። ወታደሮቹ ከዚያ የወጡት በ1934፣ ሩዝቬልት ራሳቸው ፕሬዚዳንት ሆነው ነው። የአገሪቱን ቴምብሮች በወረንጦ እያነሡ ሲያዩ ምን ምን ይታሰባቸው እንደነበር ብጠይቃቸው ደስ ይለኝ ነበር።

በ1933 ዋይት ሀውስ ሲገቡ አልበሞቹም አብረው ገቡ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከየአገሩ የሚመጡለትን ደብዳቤዎች ቴምብር በየሳምንቱ እየሰበሰበ ይልክላቸው ነበር። ይህን ስሰማ እኔም ቀናሁ! የትኛው ሰብሳቢ ነው ከመላው ዓለም ኤምባሲዎች ቴምብር የሚመጣለት? ማታ ማታ አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ በዚህ ሁኔታ የተነሡት ፎቶግራፎች ብዙ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ረጅም ጉዞ ሲሄዱ ደግሞ ቴምብራቸውን በሣጥን አድርገው ይዘው ይጓዙ ነበር።

አሁን ወደ ንድፎቹ እንምጣ። በ1933 የባሕር ኃይሉ ሰው ሪቻርድ ቤርድ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ አንታርክቲካ ሊዘምት ሲነሣ ሩዝቬልት ለዘመቻው የሚሆን የ3 ሳንቲም ቴምብር ንድፍ በእጃቸው ሣሉ፤ ሉል፣ በላዩም ላይ የጉዞ መሥመሮች። ንድፉን ባለሙያዎቹ አስተካክለው አተሙት። ሰብሳቢዎች ደግሞ ከቴምብሩ ሌላ 50 ሳንቲም የአገልግሎት ክፍያ እየጨመሩ ደብዳቤያቸውን ወደ በረዶው አገር ላኩ፤ እዚያ ማኅተም ተመትቶበት እንዲመለስላቸው። ደብዳቤው ከመብዛቱ የተነሣ ፖስታ ቤቱ በኋላ አንድ ሠራተኛውን ማኅተም እንዲመታ አንታርክቲካ ድረስ መላክ ግድ ሆነበት። የዘመቻው ወጪ በከፊል የተሸፈነው በዚህ ነው ብላችሁ ብትገምቱ ከእውነቱ አትርቁም።

ሁለተኛው ታሪክ ብዙም አያስመሰግናቸውም። በ1934 ለእናቶች ቀን የሚሆን ቴምብር እንዲወጣ ፈለጉና እሱንም ራሳቸው ነደፉ። ምስሉ የአሜሪካዊው ሠዓሊ የዊስለር እናት ሥዕል ነው፤ ጥቁር ለብሳ፣ ከግድግዳው ፊት ለፊት በጎኗ የተቀመጠችዋ አሮጊት። ሥዕሉ ዝነኛ ነው፣ ፓሪስ የሚገኝ፤ በዚያ ሰሞን ግን በውሰት አሜሪካን እየዞረ ነበር። ችግሩ የመጣው በቴምብሩ ላይ ሥዕሉ ከዳር ከዳሩ ተቆርጦ፣ በግርጌው ጥግ ሠዓሊው ያልሣለው የአበባ ማስቀመጫ ከነአበባው ስለተጨመረበት ነው። ሠዓሊዎቹ ተቆጡ። የዊስለር ሥዕል ውበቱ ባዶ ቦታው ላይ ነው፤ እናንተ ባዶውን ቆርጣችሁ አበባ ተከላችሁበት አሉ። እኔ ከሠዓሊዎቹ ጋር ነኝ። ቴምብሩ ዛሬም ሲታይ የሰላምታ ካርድ ይመስላል። ሕዝቡ ግን ወደደው፣ ለእናቱ ሊልክ ገዛው። ፖለቲከኛው ሩዝቬልት ከሠዓሊው ሩዝቬልት የተሻለ ዳኛ ነበሩ ማለት ነው።

ቀጥሎ የማወራላችሁ ነገር እንዲገባችሁ አንድ ነገር ላስረዳ። ሰብሳቢ ቴምብርን የሚያየው እኛ እንደምናየው አይደለም። እኛ ፊቱን፣ ዋጋውን እናያለን። እሱ ግን ገልብጦ ጀርባውን ያያል፤ ሙጫው እንዳለ ነው ወይስ ታጥቧል? ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ ወረቀቱ ውስጥ የውሃ ምልክት አለ? ከዚያ ጥርሱን ይቆጥራል። ጥርስ የምለው ዙሪያውን ያለውን፣ ቴምብሩ ከጓደኛው በቀላሉ እንዲገነጠል የተበሱትን ቀዳዳዎች ቅሪት ነው። ማተሚያ ቤቱ መጀመሪያ ትልቅ ሉክ ወረቀት ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቴምብሮችን ያትማል፤ ከዚያ ሙጫ ይቀባል፤ ከዚያ ይበሳል፤ ከዚያ ቆራርጦ ለፖስታ ቤት ይልካል። አንድ ሉክ ሳይበሳና ሙጫ ሳይቀባ ከማተሚያ ቤቱ ከወጣ ግን ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። ለመደበኛው ሰው ጎዶሎ ዕቃ ነው፣ ለሰብሳቢ ወርቅ።

ይህን ያላወቀ አንድ ሰው ነበር፤ የፖስታ ሚኒስትሩ ጄምስ ፋርሊ። ፋርሊ የሩዝቬልትን ምርጫ የመሩ፣ ሰው የሚወዳቸው የፓርቲ ሰው እንጂ ሰብሳቢ አልነበሩም። አለቃቸው ቴምብር እንደሚወዱ ግን ያውቃሉ። ስለዚህ አዲስ ቴምብር በታተመ ቁጥር ማተሚያ ቤቱ ሄደው ገና ያልተበሳ፣ ሙጫ ያልነካው ሉክ ያወጣሉ፣ በላዩ የተጻፈውን ዋጋ ከኪሳቸው ይከፍላሉ፣ ይፈርሙበታል፣ ከዚያ ለፕሬዚዳንቱ በስጦታ ይወስዳሉ። ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢኪስም ሰጡ። ኢኪስም የለየላቸው ሰብሳቢ ነበሩ፤ በ1934 የወጡት ዐሥር የብሔራዊ ፓርክ ቴምብሮች ላይ እጃቸው አለበት። ለሌሎች ወዳጆችም ተሰጠ። ፋርሊ የመንግሥት ሳንቲም አልነኩም፤ ዋጋውን ከፍለዋል። በእሳቸው ዓይን የአበባ እቅፍ ከመስጠት አይለይም።

አንድ ቀን ከእነዚህ ሉኮች አንዱ በቨርጂኒያ ግዛት፣ ኖርፎክ ከተማ ብቅ አለ። የሰብሳቢዎች ማኅበራት ተነሡ። ለሕዝብ ያልተሸጠ ነገር ለባለሥልጣን ወዳጆች ብቻ ሲታደል፣ ከዕለታት አንድ ቀን ገበያ ወጥቶ በብዙ ሺህ ዶላር ቢሸጥ ሙስና አይደለም ወይ? ጥያቄው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ኮንግሬስ ደረሰ። የፕሬዚዳንቱ ተቃዋሚዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ እናንተው ታውቃላችሁ።

መፍትሔው ግሩም ነበር። ፖስታ ቤቱ እነዚያኑ 20 ዓይነት ቴምብሮች በልዩ ሁኔታ እንደገና አትሞ ከማርች 15፣ 1935 ጀምሮ ለማንም ሰው በተራ ዋጋ ሸጠ። ማንም እንደ ልቡ ገዝቶ ከያዘው ብርቅ የሚባል ነገር የለም፤ ስጦታዎቹ የነበራቸው የተለየ ዋጋ በአንድ ቀን ተነነ። ሰብሳቢዎች እነዚያን ቴምብሮች እስከ ዛሬ «የፋርሊ ቂልነቶች» ይሏቸዋል። የሚያስቀው ደግሞ ገዢዎቹ ውለው አድረው ሙጫ የለውም ብለው ማማረራቸው ነው! በ1940 ፖስታ ቤቱ ሉካቸውን ላመጡለት ሙጫ ቀባላቸው። ሩዝቬልት በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰብሳቢ ሆነው ሳለ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ እንዴት እንዳልታያቸው ይገርመኛል። ፋርሊስ አያውቁም ይባል። እሳቸው ግን ያልተበሳ ሉክ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጠንቀቅ አሉ፣ እርሳሱን ግን አልጣሉትም። በ1938 የአውሮፕላን ፖስታ 20ኛ ዓመት ሲከበር የወጣው የ6 ሳንቲም ቴምብር፣ ክንፉን የዘረጋው ንስር፣ ከእሳቸው ንድፍ የተነሣ ነው። ሰማያዊና ቀይ፤ ሁለት ቀለም። ሁለት ቀለም ማለት ደግሞ በዚያ ዘመን ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ማተሚያ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ሁለተኛው ላይ ሠራተኛው ወረቀቱን አዙሮ ካስገባው አለቀ። በ1918 የሆነው ይኸው ነው፤ የ24 ሳንቲሙ የመጀመሪያው የአውሮፕላን ፖስታ ቴምብር ላይ አውሮፕላኑ ተገልብጦ የታተመበት አንድ የ100 ቴምብር ሉክ ፖስታ ቤት ደረሰ። ዊልያም ሮቤ የሚባል ሰው በ24 ዶላር ገዝቶት በቀናት ውስጥ በ15,000 ዶላር ሸጠው። ዛሬ ከእነዚያ መቶዎቹ አንዷ ብቻዋን የቤት ዋጋ ታወጣለች።

በዚያው በ1938 የወጡት የፕሬዚዳንቶች ቴምብሮች ደግሞ የአስተማሪነት መንፈስ አላቸው። በሕይወት የሌሉት ፕሬዚዳንቶች በሙሉ በሥልጣን ቅደም ተከተላቸው ተደረደሩ፤ ዋጋውም በአብዛኛው ከተራ ቁጥራቸው ጋር እንዲገጥም ተደረገ። አንደኛው ዋሽንግተን 1 ሳንቲም፣ ሁለተኛው ጆን አዳምስ 2 ሳንቲም፣ 16ኛው ሊንከን 16 ሳንቲም። 16 ሳንቲም የሚያስከፍል ደብዳቤ ማን ይልካል ብላችሁ እንደሆነ፣ አዎ፣ ብዙም አልነበረም። ልጆች ግን የአገራቸውን ታሪክ ከአልበም ላይ በቃላቸው ያዙ። ሰብሳቢ ያልሆነ ሰው ይህን ዓይነት ነገር ያስባል ብዬ አላምንም።

በ1940 ደግሞ ቡከር ቲ ዋሽንግተን በ10 ሳንቲም ቴምብር ላይ ወጡ፤ በባርነት ተወልደው ታላቁን የታስኪጊ ተቋም የመሩት መምህር። በአሜሪካ ቴምብር ላይ የጥቁር አሜሪካዊ ምስል ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው። የጥቁር አሜሪካውያን መሪዎች ለዓመታት ሲጠይቁት የቆየ ነገር ነበር፤ ቴምብሩም የተመረቀው እዚያው ታስኪጊ ላይ፣ ፋርሊ ራሳቸው በተገኙበት ነው። ሩዝቬልት በዘር መድልዎ ጉዳይ ብዙ የሚያስወቅሳቸው ነገር አለ፤ በደቡብ ግዛቶች የሚገኙ የፓርቲያቸውን ሰዎች ላለማስቀየም ብዙ ሕግ ሳያወጡ ቀርተዋል። ይህ ቴምብር ያን አይክስም። ግን ደብዳቤ የተቀበለ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ የሰውየውን ፊት አየ።

ፖስታ ቤቶቹንም አልማሯቸውም። በተወለዱበት አካባቢ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ አዲስ ፖስታ ቤት ሲሠራ እንደ ድሮዎቹ የደች ሰፋሪዎች ቤት በአገሩ ድንጋይ እንዲሠራ አስደርገዋል። ሃይድ ፓርክ፣ ራይንቤክ፣ ፖኪፕሲ ብትሄዱ ዛሬም ቆመው ታገኟቸዋላችሁ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ጦርነቱ መጣ። በጁላይ 1942 ቻይና ከጃፓን ጋር የገጠመችው ጦርነት አምስተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ ሊንከንና ሱን ያት ሴን ጎን ለጎን የሚታዩበት የ5 ሳንቲም ቴምብር ወጣ። ከዚያ በ1943 ከሁሉ የሚበልጠው መጣ። በሂትለር፣ በሙሶሊኒና በጃፓን የተያዙ አገሮች ባንዲራ በቴምብር ላይ ይውጣ የሚለው ሐሳብ የሩዝቬልት ነው። መጀመሪያ ፖላንድ ወጣች፣ ጁን 22፣ 1943። ተከትለውም ቼኮዝሎቫኪያ፣ ኖርዌይ፣ ሉክሰምበርግ፣ ኔዘርላንድስ፣ ቤልጅየም፣ ፈረንሳይ፣ ግሪክ፣ ዩጎዝላቪያ፣ አልባኒያ፣ ኦስትሪያና ዴንማርክ። በመጨረሻም፣ በኖቬምበር 1944፣ ኮሪያ። ዐሥራ ሦስት።

ቴምብሩን እስቲ ቀረብ ብላችሁ እዩት። መሐሉ ላይ ባንዲራው ከነሙሉ ቀለሙ አለ። ከዳር በአንድ ወገን ከአመዷ የምትነሣዋ ወፍ፣ ፊኒክስ፤ በሌላው ወገን ተንበርክካ ሰንሰለቷን የምትበጥስ ሴት። በዚያን ጊዜ የመንግሥቱ ማተሚያ ቤት እንዲህ ያለ ብዙ ቀለም ያለው ቴምብር የማተም አቅም ስላልነበረው ሥራው ለአንድ የግል ኩባንያ ለአሜሪካን ባንክ ኖት ተሰጠ። በየሉኩ ጠርዝ ላይ የማተሚያ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ የአገሩ ስም ተጻፈበት።

የሰብሳቢው ተንኮል ያለው ዋጋው ላይ ነው። 5 ሳንቲም። ለምን 5? በጊዜው የአገር ውስጥ ደብዳቤ 3 ሳንቲም ነበር፤ 5 ሳንቲም ወደ ውጭ አገር የሚላክ ደብዳቤ ዋጋ ነው። ቴምብሮቹ ታስበው የተሠሩት ድንበር እንዲሻገሩ ነው! ለንደን ያለው የፖላንድ ስደተኛ፣ የኖርዌይ መርከበኛ ደብዳቤ ሲደርሰው አገሩ እንዳልተረሳች ከፖስታው ላይ ያያል። ያለ አንድ ተጨማሪ ሳንቲም ወጪ፣ ያለ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ሰዎች ራሳቸው ከፍለው የሚልኩት ፕሮፓጋንዳ። ኮሪያን ልብ በሉልኝ፤ ከ1910 ጀምሮ በጃፓን እጅ የነበረች፣ ዓለም ከካርታው ላይ የፋቃት አገር ናት። በአሜሪካ ቴምብር ላይ ባንዲራዋ ሲወጣ ግን አገር ነሽ መባሏ ነው።

ኢትዮጵያስ ትሉኝ ይሆናል። ከዝርዝሩ ውስጥ የለችም፤ ምክንያቱም ቴምብሮቹ መውጣት ሲጀምሩ ነፃ ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ነገር ግን ቴምብር ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ምኒልክ በ1894 የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች ፓሪስ ሲያሳትሙ፣ የእሳቸው ምስልና የይሁዳ አንበሳ ያሉባቸውን፣ ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ለመሆን ገና 14 ዓመት ይቀራት ነበር። ጣልያኖችም በ1936 አዲስ አበባን እንደያዙ ካደረጉት ነገር አንዱ የንጉሣቸውን የቪቶሪዮ ኢማኑኤልን ፊት የኢትዮጵያ ስም ካለበት ቴምብር ላይ ማተም ነው። በ1942 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው ቴምብሮች ሲመለሱ ነገሩ ከደብዳቤ ማመላለስ በላይ ነበር።

ሁለቱ መሪዎች ተገናኝተዋል። ፌብሩዋሪ 13፣ 1945 ሩዝቬልት ከያልታው ጉባኤ ሲመለሱ፣ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ፣ በስዊዝ ቦይ መሐል ባለው ታላቁ መራራ ሐይቅ። ንጉሠ ነገሥቱ በአሜሪካ አውሮፕላን ነበር የሄዱት። ኤርትራና የባሕር በር፣ የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ጉዳይ ተነሣ፤ ሩዝቬልትም አራት ወታደራዊ መኪናዎች በስጦታ ሰጡ። በማግስቱ እዚያው መርከብ ላይ የሳዑዲው ንጉሥ ኢብን ሳዑድ ነበሩ። የዚያን ጊዜውን የፕሬዚዳንቱን ፎቶግራፍ ካያችሁ ሰውየው መንምነው ዓይናቸው ጎድጉዷል።

የመጨረሻው ቴምብራቸው ከተባበሩት መንግሥታት ጋር የተያያዘ ነው። ድርጅቱን ለመመሥረት ኤፕሪል 25፣ 1945 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጉባኤ ሊደረግ ተቀጥሮ ነበር። ለዚያ የሚሆን የ5 ሳንቲም ቴምብር ይሠራ ተባለ። ሥዕል የለውም ማለት ይቻላል፤ ወደ ተባበሩት መንግሥታት የሚል ጽሑፍና ቀኑ ነው ያለበት። ሩዝቬልት ጉባኤው ላይ ተገኝተው የመጀመሪያውን ቴምብር ራሳቸው ሊገዙ አስበው ነበር። ኤፕሪል 12 ጆርጂያ ግዛት፣ ዋርም ስፕሪንግስ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። 63 ዓመታቸው ነበር። ቴምብሩ በተያዘለት ቀን ወጣ፤ ከጽሑፉ ግርጌ ግን ስማቸው ተጨምሮበት። በሕይወት ያለ ሰው በአሜሪካ ቴምብር ላይ አይወጣም የሚባል ልማድ አለ። 12 ዓመት ሙሉ ከ200 በላይ ቴምብሮችን እያዩ ሲያጸድቁ አንዱም ላይ ያልወጡት ለዚህ ነው።

ስብስቡስ የት ደረሰ? ከ1946 ጀምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ ሃርመር የተባለው የቴምብር ሐራጅ ቤት በየተራ ሸጠው። ከ200,000 ዶላር በላይ አወጣ። ቴምብሮቹ ያለ ስማቸው ቢሸጡ ኖሮ ይህን ያህል ባላወጡ፤ ሰው የገዛው ስማቸውን ነው። ሐራጅ ቤቱም ይህን ያውቅ ስለነበር ከሩዝቬልት ስብስብ የመጣ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ከጀርባ መታበት። እንግዲህ አንድ ቀን አሮጌ አልበም እጃችሁ ቢገባ ቴምብሮቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጓቸው።

ከሞቱ በኋላ ደግሞ ተራው የእሳቸው ሆነ። አገራቸው አራት ቴምብሮች አወጣችላቸው። አገሮች ተከታተሉ፤ ኢትዮጵያም በ1947 አወጣች፣ ከመካከላቸውም ሩዝቬልትና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አንድ ላይ የሚታዩባቸው አሉ። አዲስ አበባም በስማቸው መንገድ ሰይማለች።

ለእኔ ግን ከሁሉ የምትበልጠው በዚያው ዓመት ሞናኮ ያወጣቻት ናት። ሩዝቬልት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አልበማቸውን ሲመለከቱ ያሳያል፤ ሠዓሊው ፊታቸውን፣ መነጽራቸውን፣ አልበሙን ሁሉ በጥንቃቄ ሠርቶታል። የግራ እጃቸውን ጣቶች ስትቆጥሩ ስድስት ናቸው።